ሰባተኛው ባዶ ይሁን

ባታምኑኝ አልቀየማችሁም። ግን በራሴ ላይ የደረሰ ነው... ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ቢሮዬ ውስጥ፣ ፀሐይ በመስኮት እየገባች።

ሥራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው። የዚያን ቀን የአንድ ክሊኒክ አፕ እያደስኩ ነበር። አባዬ የተኛው እዚያው ክሊኒክ፣ አራተኛ ክፍል ነው። ነገ ይወጣል ተብሎ ደስ ብሎናል።

ኮዱን የጻፉት ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። የክፍሎቹን ዝርዝር የሠሩት በድሮው መንገድ ነው፤ መጀመሪያ ሰባት ባዶ ቦታ፣ ከዚያ ለሙከራ የታካሚ ስም አንድ በአንድ፣ በየመስመሩ።

እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ። አባዬ ሁሌ «ችኮላህ ጉድ ያደርግሃል» ይለኛል። ያንን ሁሉ በአዲሱ መንገድ ጠቅልዬ አንድ መስመር አደረግኩት።

እምቢ አለኝ።

አዲሱ መንገድ ባዶ ቦታ አይቀበልም። የሽማግሌው ሰባተኛ ቦታ ደግሞ ባዶ ነው። አጠገቡ ማስታወሻ አለ፤ «ሰባተኛው ባዶ ይሁን። ስም አይግባበት።»

የሽማግሌ ነገር ብዬ ሳቅኩ። አፌ ላይ የመጣውን ጻፍኩበት... «አባዬ»።

ሠራ።

ወዲያው ስልኬ ጠራ። አባዬ ነው፤ ያንሾካሹካል።

«ክፍል ቀየሩኝ እኮ።»

«ማን?»

«እንጃ። ጸጥ ያለ ነው... ነርስም የለ። በሩ ላይ ሰባት ይላል።»

ክሊኒኩ ያለው ስድስት ክፍል ብቻ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ተመላልሼበታለሁ።

«አባዬ፣ ከዚያ ውጣ።»

«በሩን አጣሁት፣ ልጄ... ቅድም እዚህ ነበር።»

የራሴን መስመር ሰረዝኩ። የሽማግሌውን ኮድ እንደነበረ መለስኩት። ሰባተኛው ባዶ ሆነ።

«አባዬ? አሁንስ?»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጣበቅኩት።

ከዚያ በጣም ከሩቅ፣

«መብራቱን ለምን አጠፋህብኝ?»

ስልኩ ተቋረጠ።

ክሊኒኩ ድረስ በሩጫ ሄድኩ። አራተኛ ክፍል አልጋው ባዶ ነው። ነርሷ አልጋው ሥር ጎንበስ ብላ ትፈልጋለች።

«አሁን እዚህ ነበሩ እኮ» አለችኝ።

ኮሪደሩን ይዤ ሄድኩ። አምስት... ስድስት... ከዚያ ግድግዳ።

ግድግዳው ሥር የአባዬ ነጠላ ጫማ ነበር። ጎን ለጎን፣ ጫፉ ወደ ግድግዳው ዞሮ።

ጎንበስ ብዬ ውስጡን ዳሰስኩት።

ገና ይሞቃል።