የጾም ሾርባ

ኅዳር 1993 ዓ.ም.፣ የረመዳን ሦስተኛ ቀን ነበር። የመግሪብ አዛን ሊሰማ አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ሐርጌሳ፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር በሚገኘው በኸሊፋ ምግብ ቤት ስድስት ሰዎች ተቀምጠዋል። በእያንዳንዳቸው ፊት ሦስት ቴምርና አንድ ብርጭቆ ውሃ አለ። የአጃ ሾርባው ድስት ከምድጃ ወርዷል። ግንበኛው ቢምረው ሲሚንቶውን ከእጁ ታጥቦ፣ ከባልደረባው ከአክሊል ጋር በሩ አጠገብ ይጠብቃል።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቢምረው እዚያው በሩ አጠገብ ሞቶ ተጋድሟል።

መርማሪ ሙጂብ አስከሬኑን ከመንካቱ በፊት ረጅም ጊዜ አየው። ከንፈሩና የዓይኑ ቆብ አብጠዋል፤ አንገቱና ክንዱ ላይ ቀይ ሽፍታ ወጥቷል። የሸሚዙን ቁልፍ ሲፈታ ሰው እንዳያየው የተደበቀ ማተብ አገኘ። ሳህኑ ውስጥ ግማሽ ሾርባ ቀርቷል።

ውጭ የተሰበሰቡት ግንበኞች ወጥ ቤቷ ፋሪዳ መርዝ አብልታዋለች ይሉ ነበር። ፋሪዳ ሀገሯ በገባችው በቀድሞዋ ወጥ ቤት በብርቅነሽ ቦታ የተተካችው ትናንት ነው። ፖሊሶቹ ጓዳ ውስጥ ይጠብቋታል፤ ከዚህ የምትወጣው ወደ እስር ቤት መሆኑን ታውቃለች።

ኸሊፋ ስድስቱም ከአንድ ድስት እንደተቀዳላቸው፣ እሱም ሁለት ሳህን እንደበላ በወላሂ አረጋገጠ። አክሊል ለአለቅነት ቦታ ከሟቹ ጋር ተጣልቶ እንደሆነ ተጠየቀ። ሙጂብ በስደት ዘመኑ ጅግጅጋ ስለኖረ የሚጠይቀው በአማርኛ ነው።

«ልግደለው ብል መርዝ ምን ያደርግልኛል ጌታዬ?» አለ አክሊል። «አንድ ሲኒ ወተት ይበቃኝ ነበር።»

«እንዴት?»

«ከልጅነቱ ጀምሮ ወተት ከቀመሰ ጉሮሮው ይዘጋል። ይህን ሲናገር ወጥ ቤቶች ይስቁበታል። ስለዚህ የትም ሲገባ ‹የጾም ስጡኝ› ብቻ ይላል። ፋሲካ ዕለት እንኳ። እኛማ ‹አባ ቢምረው› ነው የምንለው።»

ሙጂብ ጓዳ ገብቶ ከምድጃው ጎን የዱቄት ወተት ጣሳ አገኘ። ከዚያ ሁሉንም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጣቸው። ሾርባው መርዝ ቢኖረው ስድስቱም በታመሙ ነበር አለ። ቢምረውን ብቻ የሚጎዳው ወተት ነው፤ የአጃው ንጣት ደግሞ ወተቱን ሸፍኖታል።

«የጾም ምግብ ምንድን ነው?» ሲል አክሊልን ጠየቀው።

«ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተት የሌለበት።»

«አንቺስ እህቴ?»

«ቀኑን ሙሉ ጾሞ ለሚያፈጥር ሰው የሚሰጥ ነዋ» አለች ፋሪዳ። «ልብ የሚያደርስ፣ ወተት የገባበት። የጾም ስጪኝ ሲለኝ ጾመኛ መሰለኝ። ከሁሉም አስቀድሜ፣ ከሥሩ ወፈር ያለውን ቀዳሁለት።»

አክሊል አጎንብሶ፣ «እኔም አጠገቡ ሆኜ በላሁት። ወተት እንዳለው አላወቅሁም» አለ።

ፋሪዳ ያንኑ ምሽት ተለቀቀች። ለቀብሩ ከግንበኞቹ ጋር ቆማ ዋለች፤ ማንም አላባረራትም፣ ማንም አላናገራትም።

በማግስቱ የመግሪብ አዛን ሲል ሙጂብ ከምግብ ቤቱ ደጃፍ ተነሥቶ ወደ ሆስፒታል በእግሩ ሄደ። ሹፌሮቹ ሁሉ እያፈጠሩ ስለነበር በመንገዱ ላይ አንድም መኪና አላገኘም። ሰው ሳይሸከም፣ እየፈጠነ፣ ሠላሳ አንድ ደቂቃ ፈጀበት። ቢምረው ከመጀመሪያው ማንኪያ በኋላ የኖረው ሃያ ደቂቃ ነው።