«ብረት ነው» የተባለው ክኒን

የደም ግፊት መለኪያው በእናቷ ክንድ ላይ ሲነፋ ሻኬድ ጊዜ ያገኘች መሰላትና ዶክተር ሹላሚትን በዕብራይስጥ ጠየቀቻት። «የሰጠሽኝ ክኒን ጡንቻ ይበላል?»

ትናንት በሩጫ ልምምድ ላይ ጓደኛዋ ሬቪታል ናት ያስደነገጠቻት። «ያንን ነው የምትውጪው? በቃ፣ አለቀልሽ!» ብላት ነበር። ታሕሩቱ፣ ያ ዓመቱን ሙሉ የለፋችበት ውድድር፣ ደርሷል። ከትናንት ወዲህ እግሯ አልታዘዝ ብሏታል።

«አይበላም» አለች ዶክተሯ። «አንዳንዱ የክኒን ዓይነት፣ ጡንቻ አዲስ ፕሮቲን የሚሠራበትን ፍጥነት ትንሽ ይቀንሳል የሚሉ ጥናቶች አሉ። በሌላው ዓይነት ልዩነት አልታየም። ገና አልጠራም። ከፈለግሽ እንቀይረዋለን።»

«ምን አለች?» አለች እናቷ አበሩ።

«ስለ ሩጫዬ ነው፣ እማ።»

ከልጅነቷ ጀምሮ የእናቷ አስተርጓሚ እሷ ናት፤ ትምህርት ቤትም፣ ባንክም፣ እዚህ ሮቫ ጊሜል ሰፈር ክሊኒክም። ባለፈው ወር ግን ዋሸች። ዶክተሯ ለወር አበባዋ ሕመም የወሊድ መከላከያ ክኒን ስታዝላት፣ እናቷ «ልጄ ወንድ ለመደች» ትላለች ብላ ፈራችና «ብረት ነው፣ ለደም» ብላ ተረጎመችው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሷ ግን እያደር ከበዳት።

ዶክተሯ መለኪያውን አይታ ግንባሯን ቋጠረች። «ከፍ ብሏል። አዲስ መድኃኒት ጀምራለች?»

ሻኬድ ተረጎመች። አበሩ ሳቀች።

«የምን መድኃኒት? ያንቺን ብረት ነው እንጂ! ድካም ድካም ሲለኝ አንቺ ገና ካልከፈትሽው ማሸጊያ ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ እወስዳለሁ። ለልጅ የሆነ ለእናት አይሆንም?»

ሻኬድ ክኒኑ የደም ግፊት ላለበት ሰው አደገኛ መሆኑን አብሮት የመጣው ወረቀት ላይ አንብባለች። ስለ እግሯ ስትሰጋ እናቷን ልትገድል ነበር።

«ምን አለች?» አለች ዶክተሯ።

«ምንም» ማለት ቀላል ነበር። ቤት ስትገባ ክኒኑን ደብቃ ዝም ማለትም ትችላለች። አበሩ ደግሞ ልጇ በደንብ እንድትተረጉምላት አፍ አፏን ታያለች።

«የኔን ክኒን ስትወስድ ነበር» አለች ሻኬድ በዕብራይስጥ። ከዚያ ወንበሯን ወደ እናቷ አዞረች።

«እማ፣ ያለፈውን ወር እንደገና ልተርጉምልሽ።»