የውስጡን ዳር ይዞ ያለፈው አሸናፊ

ኤልየት ትዌይትን መጀመሪያ ያየሁት መኪናው የጎማ ክምር ግድግዳ ውስጥ ተሰንቅሮ ነው።

ሚያዝያ ነበር፤ ዝናቡ አላባራም። እኔና ሞሪን ሄዘርሊ ውድድር ሜዳ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ፣ ብርቱካናማ ቱታችንን ለብሰን፣ ለነጂዎች አደጋ የምንጠቁምበትን ባንዲራ ይዘን ቆመናል። ሞሪን የጣቢያችን አለቃ ናት፤ ጡረታ የወጣች የአውቶቡስ ሾፌር። ለዚህ ሥራ ማንም አይከፍለንም፤ ስለምንወደው ብቻ እንመጣለን። ከሰኞ እስከ ዓርብ እኔ መነጽር ቤት የሰው ዓይን እመረምራለሁ።

ከመኪናው ደግፌ አወጣሁትና ሄልሜቱን ሲያወልቅ ዓይኖቹን አየሁ።

«ወደ ሰማይ ተመልከት» አልኩት። «እሺ፣ አሁን ደግሞ ወደ እኔ።»

«ሁለተኛው ይሻላል» አለ።

ጭንቅላቱ እንዳልተጎዳ በዚያ ገባኝ።

የተጋጨ ነጂ ውድድሩ እስኪያልቅ ከእኛ ጋር ከብረት አጥሩ ጀርባ መቆየት አለበት። የላስቲክ ሣጥን ገልብጠን አስቀመጥነው። ሻይ ከፔርሙዜ ቀዳሁለት፤ ሞሪን የእንቁላል ሳንድዊቿን ግማሽ ሰጠችው።

«ስንት ዓመት ነዳህ እዚህ?» አለችው።

«ሁለት ዓመት።»

«አንድ ቀን እንኳ እጅህን አንሥተህልን አታውቅም! ውድድሩ ካለቀ በኋላ ቀስ ብላችሁ ስትዞሩ እጅ ታነሣላችሁ፤ የእኛ ደመወዝ እሱ ነው። አንተ ግን አንገትህን ገትረህ እልም ትላለህ።»

ጆሮው ድረስ ቀላ። «ማንም አልነገረኝም።»

«ይኸው ነገርኩህ። አሁን ሳንድዊችህን ጨርስ።»

በሚቀጥለው ውድድር ስድስተኛ ወጣ። በዝግታ ሲዞር ለእያንዳንዱ ጣቢያ እጁን አነሣ፤ የእኛ ጋ ሲደርስ ሁለት ጊዜ።

«ሁለተኛዋ የኔ አይደለችም» አለች ሞሪን ወደ እኔ ሳትዞር።

ከዚያ በኋላ ውድድር ባለቀ ቁጥር ሄልሜቱን በማሰሪያው አንጠልጥሎ፣ ሣሩን አቋርጦ ወደ ጣቢያችን ይመጣ ጀመር። ሲናገር መሬት መሬት ያያል፤ ሲስቅ ግን ቀና ይላል። ዝምታ ሲመጣ ለመሙላት አይጣደፍም፤ እኔም አልጣደፍም። በሐምሌ አንድ ምሽት ከመኪናዬ ጎን ቆመን ሳለ እጄን ያዘ። ለካስ እኔም ስጠብቀው ኖሯል።

በመስከረም መጨረሻ ዝምታው ሌላ ዓይነት ሆነ።

«ብራዮኒ፣ ወይዘሮ ሎክዉድ ለሚቀጥለው ዓመት ያላቸው አንድ የነጂ መቀመጫ ብቻ ነው» አለኝ። የቡድኑ ባለቤት ናቸው። «ወይ እኔ፣ ወይ የቡድን ጓደኛዬ ሰባስቲያን። የመጨረሻውን ውድድር ካሸነፍኩ የኔ ነው።»

«ካላሸነፍክስ?»

«ከአባቴ ጋር የሰው ቤት ግድግዳ እለስናለሁ። በርግጥ ግድግዳም ላይ ጎበዝ ነኝ፤ ሚያዝያ ላይ አይተሽኛል።»

ሳቅኩ፤ እሱ ግን ቀና አላለም።

ውድድር ሲያልቅ መኪናው ከነነጂው ይመዘናል፤ ከተወሰነው ክብደት በታች ከሆነ ይሰረዛል። መሐንዲሶች ደግሞ መኪናው በጣም እንዲቀል ይፈልጋሉ። ስለዚህ ነጂው በመጨረሻዋ የዝግታ ዙር የመንገዱን የውጭ ዳር ይዞ ይነዳል። እዚያ የተጠራቀመው የጎማ ፍርፋሪ የጋለ ጎማው ላይ እየተለጠፈ ክብደት ይጨምርለታል። የኤልየት መሐንዲስ ኒል ይህን ፍርፋሪ አስቀድሞ አስቦበት ነበር፤ መኪናውን እስከ መጨረሻው አቅልሎታል።

ጥቅምት ላይ የመጨረሻውን ውድድር ኤልየት አሸነፈ። ከሦስተኛ ተነሥቶ ሰባስቲያንን እኛው መታጠፊያ ላይ ቀደመው፤ በውስጥ በኩል፣ ሣሩን ሳይነካ። ሞሪን ባንዲራዋን ጥላ ጨፈረች።

የዝግታዋን ዙር ሲዞር ከሩቅ አየሁት። ጣቢያዎቹ በውስጥ በኩል ናቸው። እሱም በየጣቢያው እየተጠጋ፣ እጁን እያነሣ፣ ሰዎቹ እያጨበጨቡለት መጣ። እኛ ጋ ሲደርስ ሊቆም ምንም አልቀረውም። የሄልሜቱን መስተዋት ከፍቶ መዳፉን ደረቱ ላይ አደረገ። ዓይኖቹ እንባ አቅርረው ነበር።

ከዓይኖቹ ወደ ጎማዎቹ ወረድኩ። ልብሴ ውስጥ በረዶ የገባ መሰለኝ።

«ምን ሆንሽ? አሸነፈ እኮ!» አለች ሞሪን።

«ጎማው ንጹሕ ነው» አልኩ። «ሞሪን፣ ምንም አልተለጠፈበትም።»

ሲመዘን ሦስት መቶ ግራም ጎደለው። ድምፅ ማጉያው አሸናፊው ሰባስቲያን መሆኑን ሲናገር እኔ ወደ ቡድኑ ድንኳን እየሮጥኩ ነበር፤ በሩ ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«ምን ነካህና ውስጡን ያዝክ?» ይሉታል ወይዘሮ ሎክዉድ። ከጎናቸው ኒል አመድ መስሏል። ክብደቱን እስከዚያ ያሳነሰው እሱ እንደሆነ ያውቃል፤ ኤልየትም ያውቃል።

«ባንዲራ ያዦቹን እያመሰገንኩ ነበር» አለ ኤልየት። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ የማንም አይደለም።»

አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ወይዘሮ ሎክዉድ ግን አልሳቁም።

«ጨዋ ልጅ ነህ። መቀመጫው ግን የሰባስቲያን ነው።»

«እስካሁን ስላስነዱኝ አመሰግናለሁ» አላቸው።

ሳያየኝ ተመለስኩ። እኔን ባያውቅ ኖሮ ያን እጅ አያነሣም ነበር፤ ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ የለፋበትን በአንድ ዙር አጣ። ስልክ ደወለ፤ አላነሣሁም። ደጋግሞ ደወለ። እኔም ደጋግሜ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩ።

ኅዳር ሲገባ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ደንበኛ ጠራሁ። ኤልየት ገባ፤ ፀጉሩ ላይ የጂፕሰም ነጭ ብናኝ አለ።

«ቀጠሮ አለኝ» ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ሥራ ሥራ ነው፤ መብራቱን አጠፋሁ። ግድግዳው ላይ ፊደላቱ በሩ።

«የመጨረሻውን መስመር አንብብልኝ።»

ዓይኑን አጥብቦ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። «ስ... ልክ... አንሺ።»

«እንደዚያ አይልም።»

«እኔ የሚታየኝ እንደዚያ ነው። ከበድ ያለ መነጽር ሳያስፈልገኝ አይቀርም።»

ሳቄ አመለጠኝ፤ እንባዬም አብሮት መጣ። ደግነቱ ጨለማ ነበር።

«መቀመጫህን አሳጣሁህ፣ ኤልየት።»

«መሪውን አንቺ ነበርሽ እንዴ የያዝሽው?»

«ለእኔ ብለህ...»

«ለአንቺም፣ ለሞሪንም፣ በዝናብ ለቆማችሁ ሁሉ። ኒል ውጭ ውጩን ንዳ ብሎኝ ነበር፤ ደስ ሲለኝ ረሳሁት። የረሳሁት እኔ ነኝ። መቀመጫው ሄዷል፣ ይሁን። አንቺንም አብሬ ልጣ?»

መብራቱን አበራሁት። ቀና ብሎ እያየኝ ነበር።

በማግስቱ ባሕር ዳር ወዳለችው ስካርብራ ከተማ ሄድን። ባሕሩ ግራጫ ነበር፤ ነፋሱ የተጠበሰ ዓሣችንን ከነወረቀቱ ሊነጥቀን ይታገላል።

«ውድድር የሌለው ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ይሠራል?» አለኝ፣ ከልቡ ግራ ገብቶት።

«ይኼንን።»

«ይኼን ብቻ?»

«ይኼን ብቻ።»

አሰበበት። «ጥሩ ነው» አለ፤ ትከሻዬ ላይ ተደገፈ።

ይህን እንዳለ ስልኩ ጮኸ፤ ኒል ነበር። ነፋሱ ድምፁን እንዳይሸፍነው እየጮኸ ስለሚያወራ እኔም ሰማሁት።

«ወንድሜን ታውቀው የለ? ጋራዥ ያለው። እንደ ድሮዋ ክፍት ያልሆነች፣ ጣሪያና በር ያላት አሮጌ መኪና ለውድድር አዘጋጅቷል፤ ነጂ ይፈልጋል። በዚያ ቀን ድንኳን ውስጥ ምን እንዳደረግህልኝ ነገርኩት። 'አምጣው' አለኝ። ውድድሩ ዝና የለው፣ ምን የለው። ትነዳለህ ወይስ አትነዳም?»

ኤልየት ስልኩን በደረቱ ሸፈነው። «እሺ ካልኩ ቅዳሜያችን ሊሄድ ነው» አለኝ። «ገና አንድ ብቻ ነው ያገኘነው። አንቺ ካልፈለግሽ ተወው እለዋለሁ።»

እውነቱን መሆኑን አየሁ። ባሕሩንም አየሁ። ያቺን ቅዳሜ ለራሴ ብቻ ላስቀራት ምን ያህል እንደተመኘሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

«እሑድ ማታ የኔ ነህ» አልኩት። «አሁን ለሰውየው መልስለት፤ ብርድ ላይ ነን።»

ያችን መኪና ሁለት ዓመት ነዳት። በመጀመሪያው ዓመት አንድም ጊዜ አላሸነፈም፤ በሁለተኛው ሦስት ጊዜ አሸነፈ። ባለፈው የካቲት፣ ውድድር በሌለበት ወር፣ ተጋባን። ሞሪን የአውቶቡስ ሾፌር ኮፍያዋን አድርጋ ምስክር ሆነችልን።

የዚያን ጥቅምት ዋንጫ ሄዘርሊ ቢሮ መስኮት ላይ አስቀምጠውታል። ሰባስቲያን የሚለው ስም በቆንጆ ጽሕፈት ተቀርጾበታል። ባለፍኩ ቁጥር ቆም ብዬ አነበዋለሁ፤ ቅር አይለኝም። ዋንጫውን እነሱ ይያዙት፤ ሰውየው እኔ ቤት ነው።