ሰባት ሬሳ

ሬሳዎቹ የጥርስ ሐኪሙ የብረት ትሪ ላይ ተደርድረዋል። ብዙ እግር ያላቸው ቀይና ነጭ የባሕር ፍጥረታት ናቸው፤ ከጣት አይበልጡም።

"ይህች ጽዳት ሠራተኛ አኳሪየሜ ውስጥ በረኪና ጨምራ ነው!" አለ ሐኪሙ። "አምስቱንም ሽሪምፖቼን ፈጀቻቸው!"

ለምርመራ የተጠራችው የፖሊስ ሃምሳ አለቃ ማስታወሻዋን ገለጠች። የሚጮህ ሰው ብዙ አይታለች፤ በጩኸት ተደናግጣ ሥራዋን አበላሽታ ግን አታውቅም።

ተራ የሚጠብቁ ታካሚዎች ጉንጫቸውን ይዘው ያዳምጣሉ። ጽዳት ሠራተኛዋ በሩ ጥግ ቆማለች። አሥራ አንድ ዓመት ይህን ወለል ወልውላለች፤ ዛሬ በሰው ፊት "ውጪልኝ" ተብላለች። ሽርጧን አጣጥፋ ይዛለች።

"በረኪናውን ማን አየ?" አለች ሃምሳ አለቃዋ።

"እኔን ሸቶኛል፣" አለ ወጣቱ የሐኪሙ ሚስት ወንድም። የአኳሪየሙን ጨው የሚመጥነውም፣ መስታወቱን የሚወለውለውም እሱ ነው። "ጠዋት ስገባ አልቀው አገኘኋቸው። ለቅሜ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ።"

ሃምሳ አለቃዋ ወደ አኳሪየሙ ጠጋ አለች። ሦስት ቢጫ ዓሣዎች ምንም እንዳልተፈጠረ ይዋኛሉ።

"በረኪናው ዓሣ አይነካም እንዴ?"

ወጣቱ ትከሻውን ሰበቀ። "ሽሪምፕ ስስ ነው።"

ሊሆን ይችላል። ስለ ሽሪምፕ የምታውቀው ነገር የለም፤ መቁጠር ግን ታውቃለች።

"ዶክተር፣ ስንት ነበሩ አሉኝ?"

"አምስት።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"የገዛ ንብረቴን አላውቅም?"

"እዚህ ያለው ሬሳ ሰባት ነው።"

ሐኪሙ በጣቱ ቆጠረ፤ ደግሞ ቆጠረ። የወጣቱ ፊት አመድ መሰለ።

"እናቴ፣" አለቻት ሃምሳ አለቃዋ ጽዳት ሠራተኛዋን፣ "እስቲ ይምጡ። ሬሳዎቹን አይተዋቸዋል?"

"ማን አስጠግቶኝ!"

ጽዳት ሠራተኛዋ አንዱን በሁለት ጣቷ አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። ውስጡ ባዶ ነው።

"ኧረ ይሄ ሬሳ አይደለም! የላይ ቅርፊታቸው፣ ልብሳቸው ነው፤ ሲያድጉ ያወልቁታል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሞተ ብዬ አልቅሻለሁ። ስቆ ያስረዳኝ ይሄው ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ 'አትጣይው፣ ስጪኝ' እያለ በብልቃጥ ያጠራቅማል።"

ሃምሳ አለቃዋ ወደ ወጣቱ ዞረች።

"ከብልቃጥህ አምስት ልብስ አምጥተህ ትሪው ላይ ደረደርክ። ሁለቱ ሽሪምፖች ግን አንተ ሳትወስዳቸው በፊት ልብስ ቀይረው ኖሯል። የእነሱንም ከውሃው ለቅመህ ሳትቆጥር ጨመርክበት። የት ናቸው?"

"ቤቴ፣" አለ ወጣቱ። "ሦስት ዓመት ያሳደግኳቸው እኔ ነኝ! ዶክተሩ አኳሪየሙን አንስቶ ቴሌቪዥን ሊሰቅል፣ እነሱን ለጓደኛው ሊሰጥ ነበር። ሞቱ ከተባለ ማንም አይፈልጋቸውም ብዬ ነው።"

"እኚህ እናትስ ምን አደረጉህ?"

"ምንም፣" አለ ወለሉን እያየ። "በረኪና የሚይዝ ሌላ ሰው የለም።"

ሐኪሙ ወደ ጽዳት ሠራተኛዋ ዞረ። "በይ፣ ወደ ሥራሽ ተመለሽ። በኋላ ቢሮ ገብተን እንነጋገራለን።"

"እዚሁ ነው ያዋረዱኝ፣" አለች ጽዳት ሠራተኛዋ። "እዚሁ ይበሉት።"

"ይበሉት እንጂ!" አሉ ጉንጫቸው ያበጠ አንድ ሽማግሌ።

ሐኪሙ ታካሚዎቹን አየ፤ መሸሻ አልነበረውም። "ይቅርታ አድርጊልኝ። በደልኩሽ።" ሁሉም ሰማ።

ከሰዓት በኋላ ወጣቱ በፖሊስ ታጅቦ ባልዲ ተሸክሞ መጣ። ጽዳት ሠራተኛዋ ሽርጧን አስራ ባልዲው ላይ አጎነበሰች፤ ከንፈሯ ለአፍታ ተንቀሳቀሰ።

"አምስት፣" አለች። "አሁን ልክ መጣ።"

ባልዲውን ከእጁ ተቀበለችው።