እስክሪብቶዬን የቀረጸው ሰው

ኦላናን በደንብ ያየሁት እስክሪብቶዬን በምላጭ ሲቀርጽ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ቢሮ ውስጥ ለወራት አብረን ሠርተናል። ግን እሱ በወዲያኛው ክፍል ከማስመሪያው ጋር፣ እኔ በወዲህኛው ከኮምፒውተሬ ጋር ስለሆንን ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረንም።

ጊዜው 1990 ዓ.ም. ነው። ከአትላስ ወረድ ብሎ ያለ፣ የቤት ፕላን የሚሠራ ቢሮ ውስጥ ነበር የምንሠራው። ባለቤቱ ኢንጂነር ሚስባህ ከዱባይ ታብሌት የሚባል ሰፊ ሰሌዳ አስመጡ። በእጅ የተሠራውን ፕላን እላዩ ላይ ትለጥፉና፣ መስመሩን በራሱ እስክሪብቶ ስትከተሉት ሥዕሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገባል። እስክሪብቶው ቀለም የለውም፣ ጫፉ ፕላስቲክ ነው። የኛው ደግሞ ወፍራምና ከባድ ስለነበር ወደ ማታ ጣቶቼ ይደነዝዙ ነበር።

ኢንጂነር ሚስባህ አንድ ቀን ሁለታችንንም ጠርተው ቁርጡን ነገሩን። ከፋሲካ በኋላ ሥራው በሙሉ በታብሌቱ ይሆናል፣ ለዚያ ደግሞ የሚያስፈልጋቸው አንድ ሰው ብቻ ነው። ታብሌቱን ማን በደንብ እንደሚይዘው አይተው አንዳችንን ያስቀራሉ።

እንግዲህ ይሄን በሰማሁ በሳምንቱ ነው ጠዋት ስገባ ኦላናን ወንበሬ ላይ ያገኘሁት። ምላጭ በእጁ፣ የፕላስቲክ ፍቅፋቂ ጠረጴዛዬ ላይ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ጫፉ ደንዝዟል... ትንሽ ላሹለው ብዬ ነው።»

«እርሳስ መሰለህ?»

እስክሪብቶውን ቀምቼ ሰሌዳው ላይ ሞከርኩት። ሞቷል። አንድ ነጥብ እንኳ አልያዘም። በቀጥታ ኢንጂነር ሚስባህ ቢሮ ወስጄ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩትና ሆን ብሎ እንጀራዬን ሊዘጋ እንዳበላሸው ነገርኳቸው። ዛሬም ብትጠይቁኝ ያኔ ሌላ ምን ላስብ እንደምችል አላውቅም። ኦላና ተጠርቶ ሲመጣ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ብቻ ብሎ አንገቱን ደፋ።

በማግስቱ ኢንጂነሩ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የኮምፒውተር ዕቃ ወደሚሸጠው ሀሩን ሱቅ ላኩን፣ የሚሆነውን አብረን መርጠን እንድንመጣ። እሱ በመንገዱ ግራ፣ እኔ በቀኝ ሄድን።

ሀሩን ሦስት እስክሪብቶ ዘረጋልን። አንዱ የሌላ ፋብሪካ ስለሆነ የኛ ሰሌዳ እንደማያውቀው ነግሮን ወዲያው አነሳው። ከቀሩት አንዱ እንደ ድሮው ወፍራም ነው። ሌላው ቀጭን፣ ባትሪ የሌለው፣ እጅ ላይ መኖሩ እንኳ የማይታወቅ። ሀሩን ሰሌዳው የሚያውቀው እስከሆነ ድረስ ቀሪው የእጅ ጉዳይ ነው አለን።

«ቀጭኑ ይሻልሻል፣» አለ ኦላና።

ደሜ ፈላ። የመጀመሪያውን የገደለ ሰው አሁን መካሪ ሊሆነኝ!

«አንተ ያልከውን ከምወስድ ባዶ እጄን ብመለስ እመርጣለሁ።»

«ናኦሚ፣ እጅሽ እኮ...»

«ስለ እጄ አያገባህም።»

ወፍራሙን አስጠቅልዬ ወጣሁ።

እልህ እጅን አያድንም። ሳምንት ሳይሞላ አውራ ጣቴ አብጦ የኮቴን ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ። መስመሮቼ ተንቀጠቀጡ፣ አንድ ሳሎን ቤት ጠማማ አድርጌ አስገባሁ። ኢንጂነር ሚስባህ ይሄን ሲያዩ ኦላናን አስቀመጡት። ያ ወፍራም እስክሪብቶ በትልቅ መዳፉ ውስጥ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ፕላኑን ሳይሳሳት ጨረሰው። ኢንጂነሩ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «በቃ፣ አንተ ትቀራለህ» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ።

መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። የሐዘን አልነበረም፣ የንዴት ነው። ፊቴን ታጥቤ ወደ ሀሩን ሄድኩ። ቀጭኑን ወስጄ አንድ ዕድል እንዲሰጡኝ ልለምናቸው አስቤ ነበር።

«እህቴ፣ ቀጭኑ እኮ የለም፣» አለኝ ሀሩን። «ያ አብሮሽ የመጣው ረጅሙ ልጅ ዛሬ በምሳ ሰዓት ወሰደው።»

እንዳልወስደው ቀደመኝ! ወደ ቢሮ የተመለስኩት እየሮጥኩ ነው ማለት ይቻላል። የምለውን ሁሉ መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር። በሩን በርግጄ ስገባ ግን ቀጭኑ እስክሪብቶ ከነማሸጊያው ታብሌቴ ላይ ተቀምጧል። ወዲያኛው ክፍል የኦላና ጠረጴዛ ባዶ ነው።

ኢንጂነር ሚስባህ ግራ ገብቷቸው ነበር። ሰሚት በኩል የመሬት ልኬታ ሥራ አግኝቻለሁ ብሎ መልቀቁን፣ በቀጭኑ እስክሪብቶ ካልሞከረች አትፍረዱባት ማለቱን ነገሩኝ።

ታክሲ መያዣው ጋ ደረስኩበት።

«ለምን ቀረጽከው?» አልኩት ትንፋሼ ሳይመለስ። «እውነቱን ንገረኝ።»

ጫማውን እያየ ነበር የመለሰልኝ።

«ሥራ የለመድኩበት ቢሮ የምታከብረውን ሰው እርሳስ ጠዋት ቀድመህ ገብተህ ትቀርጽለታለህ። ሳትናገር። እኛ ፕላን ሠሪዎች እንደዚያ ነን። ማታ ማታ ጣትሽን ስታሺ አይሻለሁ... ጫፉ ቢሾል የማትጫኚው መሰለኝ። አላወቅኩም።»

«ታዲያ ሚስባህ ፊት ለምን ይሄን አልተናገርክም?»

«ምን ብዬ? ወድጃት ነው ልበል?»

ታክሲ መጣ። ረዳቱ «ገርጂ፣ ገርጂ» ይላል። እኔ ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ ጠፋኝ፣ ንዴቱ ግን አልጠፋም።

«ሥራህን ጣልልኝ ብዬሃለሁ? ማን ፈቀደልህ?»

«ማንም። አንቺ ያለሥራ ስትቀሪ ማየት አልቻልኩም።»

«እኔስ አንተ ስትሄድ ማየት እችላለሁ?»

ቀና ብሎ አየኝ። አፌ ቀድሞኝ የወጣ ነገር ነው፣ ግን አልመለስኩትም። ረዳቱ «ትገባለህ አትገባም?» ብሎ ጮኸበት። ኦላና ገባ። እኔም ተከትዬው ገባሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ናኦሚ፣ የት ልትሄጂ ነው?»

«ገና ተጣልቼህ አልጨረስኩም።»

እስከ ገርጂ ተጣላሁት። ስንወርድ እጄን ይዞኝ ነበር፣ አላስለቀቅኩትም። እሱ ሰሚት መሬት ሲለካ፣ እኔ ቢሮ ቀርቼ ስሠራ ከረምን፣ በዓመቱም ተጋባን። ሳይጠይቀኝ ስለኔ በመወሰኑ ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ እሱም ይህን ያውቃል።