ለጠንካራ ድንጋይ

«ማሽኔም እንደ እኔ አርጅቷል» አሉ ድንጋይ ጠራቢው፣ የመቁረጫውን ዲስክ የመሣሪያ ሱቁ ባንኮኒ ላይ ጣል አድርገው። «እሳት ይተፋል እንጂ ግራናይቱን አይቆርጥም። ይኸው ጋሪ ላይ ጭኜዋለሁ፤ ልሽጠውና ሥራውንም ላዘዙኝ ሰዎች ልመልስላቸው።»

ልጅቷ ዲስኩን አገላብጣ አየችው። የአልማዙ ጠርዝ እንደ ሳህን ለስልሷል። ጉድ ፈላ።

ባለፈው ቅዳሜ የሸጠችላቸው እሷ ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ «ኢንጂነሯ» የሚላት፣ አክስቷ የሱቁን ቁልፍ በአደራ የሰጠቻት። «ለጠንካራ ድንጋይ ጠንካራ ዲስክ ነው ጋሼ፣ ይመኑኝ» ብላ ኮራ እንዳለች አወጣችላቸው። ረቡዕ ዕለት ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ስታነብ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘችው። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ባይመጡ እያለች ስትጸልይ ሰነበተች።

«ዕድሜውን ጨርሷላ» አለች አክስቷ፣ ከወዲያ ብሎን እየለየች። «ማሽን እኮ ነው።»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ዝም ብትል ማንም አይደርስባትም፤ ቁልፉም አንገቷ ላይ ይቀራል። ሰውየው ግን መተዳደሪያቸውን ሊሸጡ ነው።

«ጋሼ፣ ማሽንዎ ምንም አልሆነም» አለች። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይሄ ለኮንክሪት ነው። ግራናይት ላይ አልማዙ ቶሎ ይዶለዱማል፤ ስለዚህ አልማዙን የያዘው ብረት ለስላሳ መሆን አለበት። ብረቱ እየተበላ ሲሄድ ከሥሩ አዲስ አልማዝ ይወጣል። የዚህኛው ዲስክ ብረት ግን ጠንካራ ስለሆነ የዶለዶመውን አልማዝ አልለቅም አለ።»

አክስቷ ብሎን መለየቷን አቆመች።

«ባለፈውም ይመኑኝ ብለሽኝ ነበር» አሉ ሰውየው።

«አሁን አይመኑኝ። ማሽኑን ያውርዱትና እዚሁ እንሞክረው።»

አክስቷ የኤሌክትሪክ ገመዱን ወደ በረንዳው ዘረጋች። ልጅቷ የግራናይቱን ዲስክ መርጣ፣ በላዩ የተሳለው ቀስት ማሽኑ ወደሚዞርበት መጠቆሙን አይታ ሰጠቻቸው። ሰውየው መነጽራቸውን አጥልቀው ከጋሪው ያወረዱትን የግራናይት ስባሪ ቆረጡ። እንደ ሳሙና ለሁለት ተከፈለ።

«እንግዲያው ያረጀሁት እኔ ብቻ ነኛ» ብለው ሳቁ። ጋሪያቸውንም ወደ ሥራቸው አዞሩ።

«ያንን የኮንክሪት ዲስክ ለሌላም ሰው ሸጠሻል?» አለች አክስቷ።

«ለሰፈራችን ግንበኛ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «እሱም ለግራናይት ነው ብሎኝ ነበር።»

ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ አንድ የግራናይት ዲስክ በጋዜጣ ጠቀለለችና ወደ በሩ ሄደች።

«ሳይመጣ ልሂድለት» አለች።

«ቁልፉን ያዥው» አለች አክስቷ ወደ ብሎኖቿ እየተመለሰች። «ስትመለሺ አንቺ ነሽ የምትዘጊው።»