ያልደረቀው ቫርኒሽ

ሟቹ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነበር። ራሱ ወደ ግራ ትከሻው ዘንበል ብሏል። የኦክስጅኑ ቀጭን ቱቦ ከአፍንጫው ሥር አልተነሳም፤ ማሽኑም የሚያጠፋው ሰው ስላልነበረ፣ ለማይተነፍስ ሰው አየር እየነፋ ጥግ ላይ ያጉረመርማል። ሚስቱ በሩን ተደግፋ ያንን ድምፅ ታዳምጣለች። አላለቀሰችም። ምድጃው ላይ የጣደችውን ውሃ አውርዳው እንደሆነ ለማስታወስ እየሞከረች ነበር።

ክፍሉ በባሕር ዛፍ ዘይት ሽታ ታፍኗል። ከመርማሪዋ ጋር የመጣው ፖሊስ አፍንጫውን ይዞ ወደ መስኮቱ ተራመደ።

«ተወው» አለችው መርማሪዋ። «እንዳለ ይቆይ።»

መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ አጭር፣ ጡረታ የተቃረባት ሴት ናት። ባልደረቦቿ «ቀስ በቀስ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ሰው ሊያበሽቃት ነበር፤ እሷ ግን «እንቁላልስ በእግሩ የሄደው እንዴት ሆነና?» ብላ ተቀበለችው።

ቤቱ ታች የእንጨት ሥራ ቤት፣ ላይ መኖሪያ ነው። ሁለት ወንድማማቾች ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያ ታች ወንበርና ጠረጴዛ ሠርተው ቫርኒሽ ቀብተዋል፤ ደንበኞቻቸው «ታላቁ» እና «ታናሹ» ከማለት በቀር ሌላ ስም አያውቁላቸውም። የእንጨቱ ብናኝና የቫርኒሹ ትነት የታላቁን ሳንባ በላው። የታናሹ ሳንባ ተርፏል። አፍንጫ ግን ለሁለቱም አልቀረላቸውም። ታላቁ ለደንበኛ ሲቀልድ «የእኛ ቤት አፍንጫ መነጽር መስቀያ ነው» ይል ነበር።

አሁን ታላቁ ሞቷል። መርማሪዋ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ማሽኑን አጠፋች። ማሽኑ ቤቱ ከገባ ወዲህ ክፍሉ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ሚስቲቱ ጸጥታውን ጆሮዋ ውስጥ እንደገባ ውሃ ቆጠረችው፤ ራሷን ነቅነቅ አደረገች።

«ማታ መጨረሻ ላይ ያየው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን አደረጉለት?»

«የሚሳበውን መድኃኒት ሰጠሁት። የማሽኑን ጠርሙስ አፍልቼ ባቀዘቀዝኩት ውሃ ሞላሁ። አየሩ እንዳያደርቀው በውሃ ውስጥ አልፎ ነው የሚመጣው። ከዚያ እግሩን ሸፈንኩና እዚህ ጎን ካለው ክፍል ሄጄ ተኛሁ።»

«ምንም አላለዎትም?»

«ዘይቱን ጠብ አድርጊልኝ አለኝ።»

«እርስዎስ?»

«አይሆንም አልኩት።»

እንግዲህ ከአፏ የወጣለት የመጨረሻው ቃል ይኸው ነው። ከነጋ ጀምሮ ይህን ቃል ከሩቅ እያየችው ነበር፤ አልቀረበችውም።

«ለምን አይሆንም?»

«ልጁ ናት ዘይቱን ያመጣችው፤ ከመጀመሪያ ሚስቱ የወለዳት። ለሳል ይበጃል ብላ። በፈላ ውሃ ጨምሮ የታጠነ ዕለት ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ሐኪም ቤት አደርን። ሐኪሙ ሁለተኛ እንዳይለምደው አለ።»

«ታዲያ አልጣሉትም?»

«ወንድሙ ወሰደው። የደረቀ ሙጫ ያስለቅቃል ብሎ ታች መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው። የት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።»

መርማሪዋ መነጽሯን አድርጋ የማሽኑን ጠርሙስ ተመለከተች። ፕላስቲኩ ጥርት ያለ ነው፤ ውሃው እስከ ላይኛው መስመር ሞልቷል።

«እንዲህ ሞልተውት ነው ያደሩት?»

«አዎ፣ እስከ መስመሩ።»

«እንዲህ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ሲያድር፣ ጠዋት ምን ያህል ይቀራል?»

«ከግማሽ በታች» አለች ሚስቲቱ፤ ካለችው በኋላ ጠርሙሱን አየችው። መርማሪዋም «እህ» ብቻ አለች።

ከወንበሩ አጠገብ አንዲት ክብ ጠረጴዛ አለች። ከመስተዋት አትለይም፤ የተዘጋው መስኮት ተገልብጦ ይታይባታል። መርማሪዋ ተንበርክካ ዓይኗን ከጠረጴዛዋ ፊት አስተካክላ ተመለከተች። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ጣቷን አሸተተች።

«ይህችን ማን ሠራት?»

«ሁለቱም። ሱቁን ሲከፍቱ ለማሳያ የሠሯት ናት። ስንት ሰው ለመናቸው፤ አልሸጥ አሏት።»

«እርስዎ ነዎት የሚያጸዷት?»

«አቧራዋን ብቻ። የቫርኒሽ ጨርቅ አስነክተውኝ አያውቁም። “አንቺ ትቸኩያለሽ” ይለኝ ነበር።»

ደረጃው ላይ የሩጫ ኮቴ ተሰማ። ልጁ ናት፤ የውበት ሳሎን ያላት፣ ቁጣዋ ከእሷ ቀድሞ በር የሚያንኳኳ ሴት። ገብታ አባቷን አየች፤ ፊቷን ሸፈነች፤ እጇን ስታወርድ ግን እንጀራ እናቷን ነበር የምታየው።

«ገደልሽው አይደል? ከደረጃው ሥር ጀምሮ ነው የሸተተኝ። በጉንፋን የታፈነ ሰው እንኳ ይሸተዋል! እኔ ሳመጣለት መርዝ፣ አንቺ ስታደርጊው መድኃኒት ሆነ?»

«ረጋ በይ ልጄ» አለች መርማሪዋ።

«ምን ረጋ እላለሁ! “ምነው ፈጣሪ በገላገለው” ስትል በገዛ ጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ደረጃው ላይ። ጎረቤትም ሰምቷል።»

መርማሪዋ ወደ ሚስቲቱ ዞረች። «ብለዋል?»

«ብያለሁ።»

ልጅቱ ክርክር ጠብቃ ነበር። ክርክር ሲጠፋ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ መልሳ አንጠለጠለችው። ሚስቲቱ ያን ቀን አስታወሰችው፤ ሌሊቱን ሙሉ አየር አጥሮት ትራሱን ሲቧጥጥ አድሮ ነበር። ያን ማስረዳት ብዙ ቃል ይጠይቃል።

«ትናንት መጥተሽ ነበር?» አለች መርማሪዋ።

«አመሻሽ ላይ። ሰላም ብዬው ወጣሁ። አጎቴ ነው እስከ በር የሸኘኝ።»

መርማሪዋ ወደ ሥራ ቤቱ ወረደች። ሚስቲቱም ተከተለቻት፤ ማንም ነይ አላላትም፣ ሌላ የምትሄድበት ስላጣች ነው። ታናሹ ጥግ ላይ ተቀምጦ የወንበር እግር በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። ፀጉሩ ላይ ብናኝ አርፎበታል።

«ዛሬም ሥራ?»

«እጄ ሥራ ከፈታ ልቤ ይፈነዳል፣ እመቤቴ።»

«ያገኙት እርስዎ ነዎት?»

«ጎህ ሲቀድ ሁልጊዜ ብቅ ብዬ አየዋለሁ። ጠራሁት፤ ዝም አለኝ። እጁን ብይዘው ቀዝቅዟል። ከዚያ እትዬን ቀሰቀስኳት።»

«የነካኩት ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም።»

«ሲገቡ ያስደነገጠዎት፣ እንግዳ የሆነብዎት ነገርስ?»

ታናሹ አሰበ። «ምንም። ማሽኑ ይሠራል። ሌላው እንደ ሁልጊዜው ነው።»

መርማሪዋ የዘይቱን ብልቃጥ ከመደርደሪያው አነሳች፤ ከሥሩ ወዝቷል፣ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ከዚያ የእንጨት ፍቅፋቂ የሚጠራቀምበት በርሜል ውስጥ እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ፈተሸች፤ አንድ የፕላስቲክ ነገር አወጣችና በመሐረቧ ጠቀለለችው። ታናሹ የብርጭቆ ወረቀቱን ያንኑ አንድ ቦታ ላይ ይመላልሰዋል። ሚስቲቱ እንጨቱ ሲጎደጉድ አየች። በትዳር ዘመኗ ሁሉ ይህ ሰው እንጨት ሲያበላሽ አይታ አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ ሬሳው ተወሰደ፤ የሳንባ ሐኪሙም መጣ። መርማሪዋ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው፤ ልጅቱን፣ ታናሹን፣ ሐኪሙን፣ ሚስቲቱን። ባዶው ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም። መስኮቱ እንደተዘጋ ነው።

«መጀመሪያ ዶክተር» አለች። «የገደለው ምንድን ነው?»

«ምርመራው አላለቀም። የጠየቁኝን ግን እነግርዎታለሁ። እንዲህ ያለ ዘይት ለጤነኛ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። የእሱ ዓይነት ሳንባ ግን እንደ ቁስል ነው፤ ሲነካ ይሸማቀቃል። የአየር ቧንቧው ይጠባል። ዘይቱ ከማሽኑ ውሃ ውስጥ ከገባ ደግሞ ማምለጫ የለውም፤ እያንዳንዱ ትንፋሽ ይዞት ይገባል።»

«ተፈጥሮ አይደለም እንዴ?» አለች ልጅቱ፤ ድምፅዋ ቀጥኗል።

«እባብም ተፈጥሮ ነው።»

ልጅቱ አንገቷን ደፋች።

«እንግዲህ ዘይቱ በየት ገባ?» አለች መርማሪዋ። «ማሽኑ ላይ ያለው ጠርሙስ ሙሉ ነው። ሌሊቱን የሠራ ማሽን ውሃው ሙሉ ሆኖ አያድርም። ስለዚህ ሰውየው ከሞተ በኋላ ጠርሙሱን የቀየረ አለ።» መሐረቧን ፈታች። የወጣው ጠርሙስ ሞራ እንደጋረደው ዓይን ደፍርሷል፤ ሆዱም በቀጫጭን ስንጥቅ ተሞልቷል። «ዘይቱ ይህን ፕላስቲክ ይበላል።»

«አንገቱ ላይ ያለው ቀይ ክር የእኔ ነው» አለች ሚስቲቱ። «ከመለዋወጫው እንዳይምታታብኝ ያሰርኩት። ማታ የሞላሁት ይኼንን ነው።»

«አያችሁ? ራሷ አመነች!» ልጅቱ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«ተቀመጪ። ገና አልጨረስኩም።» መርማሪዋ ጠረጴዛዋን ጠቆመች። «የሚያንጠባጥብ ብልቃጥ እዚህ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዘይቱ ፕላስቲክ ብቻ ሳይሆን ቫርኒሽም ይበላል፤ የብልቃጡ ቂጥ የሚያህል ክብ ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው ግን የለም። በቦታው ዛሬ የተቀባ ቫርኒሽ አለ፤ ጣቴ ላይ ተጣበቀ። እኔና እናንተ ብንሆን በእጃችን ጠረግ አድርገን እንሄድ ነበር። ይህ ሰው ሬሳ አጠገብ ተንበርክኮ፣ ወረድ ብሎ ጨርቁን አምጥቶ፣ ዙሪያው እስኪጠፋ አለሰለሰው። አስቦበት አይመስለኝም። ጠባሳ አይቶ ማለፍ እጁ አልለመደም።»

ማንም ወደ ማንም አላየም።

«መስኮቱስ? ጠርሙስ ቀየረ፣ ጠረጴዛ አደሰ። ፖሊሱ እንኳ እንደገባ የሮጠው ወደ መስኮቱ ነው። ያ ሰው ግን ዘግቶት ወጣ። ዛሬ ያነጋገርኩት ሰው ሁሉ ስለ ዘይቱ ወይም ስለ ሽታው አወራኝ፤ ከአንድ ሰው በቀር። ሲገቡ ምን አገኙ ስለው “እንደ ሁልጊዜው ነው” አለኝ።»

«አጎቴ?» አለች ልጅቱ።

ታናሹ እጆቹን አየ። ጥፍሮቹ ሥር ቫርኒሹ ቡናማ ሆኖ ደርቋል።

«ለመነኝ» አለ ለሚስቲቱ፤ ሌሎቹ እንደሌሉ ሁሉ። «አንቺ ከተኛሽ በኋላ ጠራኝ። “ሚስቴ እምቢ አለችኝ፤ አንተስ?” አለኝ። እትዬ፣ የኛ አፍንጫ ሞቷል። ሽታ የሚባል ነገር ረስተናል። የዚያ ዘይት ቅዝቃዜ ግን ይሰማል፤ ነፋስ የገባ ይመስላል። “አየር እንደምስብ የማውቀው በእሱ ብቻ ነው” አለኝ። ታላቄ ነው፤ እንዴት እምቢ ልበለው? በፈላ ውሃ ስለሆነ ነው ያኔ የታፈነው ብዬ ከማሽኑ ውሃ ጠብ አደረግኩለት። ሳቀ። “ደረቴ ተከፈተ፤ ሂድና ተኛ” አለኝ። ሄጄ ተኛሁ።»

«ቅዝቃዜው ያታልላል» አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ። «ቧንቧው እየጠበበም ደረት የተከፈተ ይመስላል።»

«ስንት ጠብታ?» አለች ሚስቲቱ።

«አልቆጠርኩትም።»

ራሷን ነቀነቀች፤ ዋጋ እንደተነገረው ገዢ።

«ነፍስ ለማጥፋት አላሰቡም» አለች መርማሪዋ። «እሱን ሕግ ይመዝነዋል። ይህች ሴት በነፍሰ ገዳይነት ስትወቀስ ታች ቁጭ ብለው እንጨት መፈግፈግዎ ግን ሌላ ነገር ነው።»

«ፖሊስ አልፈራሁም። ፊቷን ነው የፈራሁት። አይሆንም ያለችውን እኔ ሽሬ…»

ልጅቱ ወደ እንጀራ እናቷ አንድ እርምጃ ተራመደች፤ «እትዬ» አለች። ሚስቲቱ አልገፋቻትም፣ አላቀፈቻትምም። አይሆንም ያለችው ቃል ከጠዋት ጀምሮ ከቆመበት ተነስቶ አጠገቧ መጥቶ ነበር። ልክ ነበር ቃሉ። ልክ መሆኑ ምንም አላሞቀላትም።

«አሁን መስኮቱን መክፈት ይቻላል» አለች መርማሪዋ።

ማንም አልተነሳም። ሚስቲቱ ሄዳ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ አውራ ጣቷን አዲሱ ቫርኒሽ ላይ አሳርፋ ተጫነችው። ለስላሳ ነበር፣ ገና አልደረቀም። እጇን ስታነሳ አሻራዋ መስመር በመስመር ቀርቷል።

ታናሹ አየው። ፖሊሱ ክንዱን ይዞት ሳለ የቀኝ እጁ በራሱ ጊዜ ጨርቅ እንደያዘ ሁሉ ወደ ጠረጴዛዋ ተዘረጋ።

«ተወው» አለችው ሚስቲቱ። «እንዲሁ ይድረቅ።»